ቡና የማይበሉት ትሎች

በአብዮቱ ዘመን፣ ጪጩ ከምትባል የቡና ከተማ አጠገብ ሳስተምር አንድ ቀን የአካባቢው ካድሬ ክፍሌ ገባ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ተማሪዎቹ ከሎሚ ዛፍ የለቀሟቸውን ትሎች በጣሳ አድርገው መስኮቱ ሥር አስቀምጠዋል፤ ቢራቢሮ እስኪሆኑ ድረስ በየቀኑ ያዩትን ይጽፋሉ። ካድሬው ጣሳውን አንሥቶ አየና «በቡና አገር የቡና ጠላት ታረባለህ? ይህ አሻጥር ነው። ተነሥ፣ እንሂድ» አለኝ። በአሻጥር ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። «ጓድ፣ ቡና አይበሉም» አልኩት። «እኔን አይመኑኝ። ቅጠሉን ራስዎ ቆርጠው ይስጧቸው። እስከ ነገ ከበሉት አብሬዎት እሄዳለሁ።» ከደጅ የቡና ቅጠል ቆርጦ ጨመረባቸው፤ እንዳልነካካው ብሎ ጣሳውን ቤቱ ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጣሳውን ይዞ መጣ። ቅጠሉ እንዳለ ነው። እሱ ግን አልተዋጠለትም። «ምናልባት ጠግበው ይሆናል» አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ አሁን የሎሚ ቅጠል እንስጣቸዋ፣ ጓድ። ከጠገቡ እሱንም አይበሉም።» ሰጠናቸው። ካድሬው ጎንበስ ብሎ የቅጠሉ ጠርዝ ሲበላ እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያ ኮፍያውን አጠለቀና «ቢራቢሮ ሲሆኑ ጥሩኝ» ብሎን ወጣ።

ያን ዓመት በክፍሌ ከተነሡት ጥያቄዎች «ጠግበው ቢሆንስ?» የሚለውን የካድሬውን ጥያቄ የሚያህል አልነበረም። ጥያቄውን ተማሪዎቹን ደብተራቸው ላይ አስጻፍኳቸው። ማን እንደጠየቀው ግን፣ በእሱም በእኛም ላይ ጣጣ እንዳያመጣ፣ እንዳይጽፉ ነገርኳቸው።