የመጨረሻው መሣሪያ ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ሰኔ አራት ነው። ደባርቅን ከጠዋት ጀምሮ ጉም ሸፍኗታል። አለቃችን የሺዋስ፣ ሠዓሊው ማዕረግ፣ በእኔ ቦታ የምትተካው ናዝራዊት፣ ቤታቸውን ለስቱዲዮ ያከራዩን እትዬ ካሴ፣ ሁላችሁም አላችሁ። ስለ ሽኝት ድግሱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ብዙ አልናገርም። ሥራዬ በቆርቆሮ፣ በድስትና በአፌ ለካርቱን ድምፅ ማውጣት ነው። አሁን ተናገሪ ስትሉኝ ምን ልበል?

ፊልማችንን ሳስበው አሁንም ሳቄ ይመጣል። ጄኔራሉ ጠላትን የሚያስነጥስ መድፍ አሠርቶ፣ ነፋሱ ዞሮበት የራሱ ጦር ሲያስነጥስ! ያን ሁሉ ያስነጠስኩት እኔ ነኝ። እትዬ ካሴ ታመመች ብለው ነጭ ሽንኩርት ይዘውልኝ መጡ።

ከዚያ የጄኔራሉ የመጨረሻ መሣሪያ መጣ፤ ምን እንደሚያደርግ ሠሪው እንኳ የማያውቀው። የሺዋስ፣ አለቃዬ ብትሆንም በዕድሜ ታናሼ ነህና አንተ ልበልህ። "ይኼኛው ሳቁን ቀጥ የሚያደርግ ይሁን" አልከኝ። ቆርቆሮውን በዘነዘና መታሁት፣ አንተ በኮምፒውተር አወፈርከው። ጦርነቱ ወደዚህ በመጣ ጊዜ የሰማነውን ድምፅ ሆኖ አረፈው።

ባለፈው እሑድ ለጎረቤት ስናሳይ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያ ድምፅ ሲመጣ ግን ጎረቤታችን ባንቻየሁ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተደፋች። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሮጠች። በሩ ብርሃን እንዳይገባ ተቀርቅሮ ነበር።

"ፊልሙ ሠራ ማለት ነዋ!" አልክ፣ የሺዋስ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ድምፁን ከፊልሙ ብናወጣው ጦርነት ማስነጠስ ብቻ ይመስላል። እንዳለ ብንተወው ሰው እንጎዳለን። የቱ ይሻላል? እኔ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባንቻየሁ ቤት ሄድኩ።

"አንቺ ነሽ ያንን ያጮህሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅሽ ይሰበር!" ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን፣ "አታጥፉት፣ ያኔም እንደዚያው ነበር። ግን አስቀድማችሁ ንገሩን። በሩንም አትዝጉብን" አለችኝ።

እናንተን ሳልጠይቅ እሺ አልኳት።

የሺዋስ፣ ቀድሞ ከተነገረ ድንጋጤው ይጠፋል ትላለህ። ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ እኔ እንጃ። ግን ቃል ገብቻለሁ። ቅዳሜ ዳባት ላይ ስታሳዩ እኔ መካነ ብርሃን፣ እናቴን ላስታምም እሄዳለሁ። ናዝራዊት፣ ፊልሙ ሳይጀመር ለሰዉ ንገሪልኝ። በሩ አጠገብም ቁሚልኝ። ብርሃን ቢገባ ይግባ።

እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርከው። ልጆቻችሁ መድፍን በካርቱን ብቻ ይወቁት። የዳባት ሰውም ስቆ፣ ደንግጦ፣ በፈለገው ሰዓት ወጥቶ በሰላም ቤቱ ይግባ።