ደጋ ላይ አልከፈት ያለችው ጽጌረዳ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ ኢንጂነር ኤርቫስ፣ የችግኝ ጣቢያችን ሰዎች በሙሉ፤

በሥራ ሰዓት፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ፣ እጄን አፈር ሳይነካው ፊታችሁ ስቆም ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጡረታ ስወጣ ለደገሳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ብስኩቱን ከነትኩሱ፣ አይቡን በቅጠል እንደተጠቀለለ ነው ያመጣችሁት። ዶን ሰጉንዶም ድንቹን ራሱ ቀቅሎታል አሉ። ጥሬ የደረሳችሁ ካላችሁ እሱን ጠይቁት።

ኢንጂነር አምስት ደቂቃ ፈቅደውልኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለው አንድ ሰዓት ሲናገሩ አዳምጫለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

አዲስ የገባችሁ ልጆች እኔን የምታውቁኝ «እጅሽን ከእንቡጡ ላይ አንሺ!» እያለች የምትጮኸዋ ዶኛ ኤርሊንዳ ብላችሁ ነው። አንድ ጊዜ ከዚህ ጣቢያ ከመባረር ለጥቂት እንደተረፍኩ ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አያችሁት፣ ዶን ሰጉንዶ ጣራ ጣራ ያያል። እሱ ያውቃል።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ነው። ኢንጂነር ያኔ ጸጉር ነበራቸው። እኔ የሙከራው መደብ ኃላፊ ነበርኩ። ካዳቀልናቸው የጓሮ ጽጌረዳዎች መካከል ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የምትባል አንዲት ነበረች። ቀለሟ እንደ በሰለ ኮክ፣ ውስጧ ድርብርብ፣ እሾኋ ጥቂት። ስትከፈት ማለቴ ነው። ችግሩ አለመከፈቷ ነበር።

የዚህን የደጋችንን የካያምቤን አየር ለእናንተ አልነግራችሁም። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። በፕላስቲክ ጣራ ሥር ያሉት ጽጌረዳዎቻችን ይህን ይወዱታል፤ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ይፋፋሉ፣ ዘንጋቸው ይረዝማል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግን ለሰው ግቢ የታሰበች ስለሆነች ጣራ የላትም፤ ሜዳ ላይ ናት። ቅርንጫፏ ከተገረዘ በኋላ ሰማንያ አምስት ቀን ታስጠብቀናለች። እንቡጧ ጡጫ ያክላል። «ነገ ትከፈታለች» እንላለን። በማግስቱ ዝናብ ይመታታል፣ ጤዛ ያድርባታል፣ ከዚያ ፀሐይ ይወጣል። የላይኛው ሽፋኗ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ረጠበ ወረቀት ይደርቃል። ውስጧ ታፍኖ ይበሰብሳል።

አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሄጄ አየኋት። ከመቶ እንቡጥ ሠላሳ ከተከፈተ ትልቅ ነገር ነው። የተከፈቱት ግን ሰውን ከመንገድ ያስቀሩ ነበር።

አንድ ቀን ኢንጂነር መደቡ ዳር ቆሙና፦

«ዶኛ ኤርሊንዳ፣ በቃን። ነቅላችሁ አቃጥሏት» አሉ።

«ኢንጂነር፣ ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የብርዱ ቢሆንስ?»

«ብርዱንማ ማቃጠል አንችልም።»

ጥሩ መልስ ነው፤ እኔም ሳቅሁ። ስቄ ወደ መደቡ ተመለስኩና መቁረጥ ጀመርኩ። የቆረጥኩትን ሁሉ ግን ወደ እሳቱ አልወሰድኩትም። ስድስት ቁራጭ በረጠበ ጋዜጣ ጠቀለልኩና ከምሳዬ ከተቀቀለው በቆሎ ሥር ደበቅሁ። የጥበቃው ሰው ቦርሳዬን ከፍቶ በቆሎውን አየ፣ አንድ እፍኝ ዘገነና አሳለፈኝ።

በዚያው ሳምንት ታናሽ እህቴ ኒቪያ ልጅ ልታስጠምቅ ነበር። ኒቪያ ቆላ ያገባች፣ ባሕሩ ዳር ባለችው ማንታ ከተማ የምትኖር ናት። አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ሄጄ ክርስትና በላሁ፣ ጨፈርኩ፣ ስድስቱን ቁራጮች ግቢዋ ውስጥ ተከልኩና ተመለስኩ። ሦስቱ ጸደቁ። ካደጉ በኋላ ገርዢያቸው፣ ቀኑንም ጻፊው ብያት ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ስልክ ደወለች።

«እትዬ፣ ይቺ አበባሽ እብድ ናት!»

«ምን ሆነች?»

«ከገረዝኳት ገና በሠላሳ ስምንት ቀኗ አበበች። ምን ዋጋ አለው፣ የዶሮ እንቁላል ነው የምታክለው። ጠዋት ትከፈታለች፣ በማግስቱ ከሰዓት መሬት ላይ ናት።»

«ቀለሟስ?»

«ነጣ ያለ። ሽታዋ ግን ጉድ ነው! ጎረቤቶቼ ሽቶ ቀየርሽ እንዴ እያሉኝ ነው።»

«ኒቪያ፣ ስንቱ ነው የተከፈተው?»

«ሁሉም ነዋ! የእናንተዎቹ አይከፈቱም እንዴ? ደገኛ ናቸዋ፣ ኩራት ይዟቸው ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ደስታዬ ግን ሁለት ወር አልቆየም። ኒቪያ እንደገና ደወለች፤ ቅጠሏ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ረግፎ አልቋል።

«መላጣ ሆናለች፣ እትዬ። ሞታለች መሰለኝ።»

«መቼ ነው የምታጠጫት?»

«ማታ ማታ። በሙቀቱ ታሳዝነኛለችና ከአናቷ ጀምሬ አጥባታለሁ።»

«አንቺ ልጅ! ጠዋት፣ ከሥሯ! ቅጠሏ እርጥብ ሆኖ አይደር። ከግድግዳውም አርቂያት፣ ነፋስ ያግኛት።»

እንዳልኳት አደረገች፤ ጽጌረዳዋም እንደገና ለበሰች።

እንግዲህ ደጋው በዛባት፣ ቆላው አጣደፋት። መካከሉስ? ይህን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም፤ ዶን ሰጉንዶ ነው። ችግኝ በማዳቀሉ ክፍል አብሮኝ ይሠራ ስለነበር ምስጢሬን ነግሬው ነበር። የሚስቱ ወንድም ጓይያባምባ ሸለቆ ውስጥ አቮካዶ ያለማል፤ ቦታው ደረቅ፣ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ለዘብ ያለ ወይና ደጋ ነው። ከኒቪያ ቁራጭ አስመጥተን እዚያ ተከልናት። ከተገረዘች በኋላ በሃምሳ ስምንተኛው ቀን አበበች። መዳፌን ዘርግቼ ለካኋት፣ መዳፌን ሞላችው። ሳትረግፍ ዘጠኝ ቀን ቆየች። ዶን ሰጉንዶ ባርኔጣውን አውልቆ «አሁን ማን እንደሆነች ነገረችን» አለ። ይህን ያህል አሳምሮ ሲናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም።

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ከሸለቆው አንድ አበባ ቆረጥኩ። ኒቪያ አንዱን በዓሣ ሳጥን፣ በበረዶ ውስጥ አድርጋ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ሦስተኛው ከዚሁ ነው፤ ዶን ሰጉንዶ ከውኃ ፓምፑ ጀርባ አንዲት እግር ሳያቃጥል ትቶ ኖሯል። ሦስቱን በብርጭቆ አድርጌ ኢንጂነር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሦስት አዲስ ዝርያ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ይቺ መሐለኛዋ ግሩም ናት። ትንሿ ግን ዓሣ ዓሣ ትሸታለች።»

«ሦስት አይደሉም፣ ኢንጂነር። አንድ ናቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

ከወንበራቸው ተነሡ።

«ያቃጠልናት?»

«እርስዎ አቃጥሉ አሉ። እኔ አላቃጠልኩም።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኹም። «አራት ዓመት ሙሉ አንቺ የጻፍሽውን ሳላጣራ ፈርሜያለሁ፤ አምንሽ ስለነበር» አሉኝ። «ይህን ከደበቅሽኝ ሌላ ምን ደብቀሽኛል?»

ወገኖቼ፣ እውነታቸውን ነበር። ስለ ጽጌረዳዋ ልክ ነበርኩ፤ እሳቸውን ግን አታልያለሁ። መቀሴን አስረክቤ ለአሥራ አምስት ቀን ከሥራ ታገድኩ። ቤቴ ተቀምጬ ያለቀስኩት ለእንጀራዬ ብቻ አልነበረም።

እኔ ቤት ሆኜ ሳለቅስ ኢንጂነር ምን አደረጉ? ማስታወሻ ደብተሬን ይዘው ጓይያባምባ ወረዱ። ከዚያ ማንታ ሄደው ሳይናገሩ የኒቪያን በር አንኳኩ። ኒቪያ ኮፍያና ደብተር ስታይ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ መስለዋት «ባለቤቴ የለም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ብላ ዘጋችባቸው። ጽጌረዳ ሊያዩ መምጣታቸውን በመስኮት ሲነግሯት ግን አስገብታ የዓሣ ሾርባ በሽንኩርት አቀረበችላቸው። አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ ተመለሱ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቢሮ ስገባ ደብተሬ ተከፍቶ ጠበቀኝ።

«ቁጥሮችሽ ትክክል ናቸው» አሉኝ። «አሁን እዚህ ላይ ትእዛዝ መጣስሽን በራስሽ እጅ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ከሥሩ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «እኔም በአንድ አየር ብቻ አይቼ ፈርጃለሁ። ኤርቫስ።» ያ ገጽ ዛሬም መዝገብ ቤት አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ጣቢያ አንዲትም ጽጌረዳ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ሳትታይ አትነቀልም። ጽጌረዳዋም «ኒቪያ» ተብላ ወጣች። ዛሬ በየሸለቆው ከተማ፣ በየቤቱ ደጅ አለች። ባሕሩ ዳር የሚተክሏትም ትንሽና ችኩል መሆኗን አውቀው ይወዷታል። እህቴ ግን በስሟ ስለተኩራራች አትቻልም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግቢ ይዛ ትወጣለች።

ተተኪዬ ማሪቤል፣ ከሰኞ ጀምሮ መደቡ ያንቺ ነው። ካንቺ ጋር የማይስማማ ነገር ሲታዘዝ ተከራከሪ፤ ጮክ ብለሽ፣ ሰው ፊት ተከራከሪ። እኔ እንዳደረግሁት በምሳ ዕቃ አታድርጊው። ኢንጂነር፣ እርስዎም ያዳምጧት፤ ካላዳመጡ ስልክ ቁጥሬ አላት።

ዶን ሰጉንዶ፣ ያችን አንዲት እግር ስለተውካት እስከ ዛሬ አላመሰገንኩህም። አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ።

እናንተን ሁሉ ፈጣሪ ውርጭ ከማያገኘው ቦታ ያኑራችሁ። እጃችሁን እሾህ፣ ልባችሁን ቂም አይውጋው። ልጆቻችሁ የፈለጉበት አገር ይደጉ፣ የደረሱበት ቦታ ይፍካላቸው። የታመማችሁ ተፈወሱ፤ ያላገባችሁ፣ ኧረ ፍጠኑ!

የመጨረሻ አንድ ነገር። የሠራተኛው አውቶቡስ ሾፌር ዶን ዊልመር ሰኞ ጠዋት በቤቴ ሲያልፍ ጥሩምባ እንዳይነፋ ነግሬው ነበር፤ ልተኛበት ብዬ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አንድ ጊዜ ይንፋ። ከእንቅልፌ ነቅቼ፣ ሁላችሁንም በየስማችሁ መርቄ፣ ተመልሼ እተኛለሁ።