የጋሽ ሰይድ ሬዲዮ

የገርጂው ባለሱቅ ጋሽ ሰይድ ሬዲዮናቸውን አስጩኸው ስለሚከፍቱ ሰፈሩ ዜና የሚሰማው ከሳቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ውጭ አገር ልባቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ከተመለሱ ወዲህ ግን ሬዲዮኑ ዝም አለ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ተበላሸ እንዴ?» አልኳቸው።

«እስቲ ዝም ብለህ ስማ» አሉኝ።

እትዬ ዘሀራ ጥግ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ፈለግሁ፤ የለም።

«ከልቧ ነው። ሐኪሞቹ የብረት ቫልቭ ገጥመውላታል። ከዚህ የበለጠ ምን ዜና አለ?»

«እኔን ግን ዜናው ናፍቆኛል» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ ከምስሩ ቀና ሳይሉ።

ጋሽ ሰይድ ሬዲዮኑን ከፈቱት። ድምፁን ግን ዝቅ አደረጉና በርጩማቸውን ወደ ሚስታቸው አስጠጉ።