ትልቅ ዳቦ ለአንድ ሰው

አባባ ፕሮኾር አገራቸውን ከቻይና የሚያዋስነውን የአሙርን ወንዝ በረዶ በስተው ዓሣ ሲጠብቁ፣ መምህርት ታይሲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድንገት አገኘቻቸው። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ግትርነታቸው ግን በመንደሩ የታወቀ ነው። ሚስታቸው አጋፊያ ካረፈች ወዲህ የቤታቸውን ግማሽ ቆልፈው ብቻቸውን ይኖራሉ።

“እንደምን ዋሉ አባባ? ዓሣው እሺ አለ?”

“እግዜር ይመስገን። ዓሣውም እንደኔ አርጅቶ መንቀሳቀስ ጠልቷል።”

“ስለ ግላፊራ ላስቸግርዎት ነው። ባሏ ሞቶባት ከአራት ልጆች ጋር ቤት አጥታለች። እነዚያ ልጆች ካልመጡልን ደግሞ ትምህርት ቤታችን በተማሪ እጦት መዘጋቱ ነው። የተቆለፈውን ቤት ቢሰጧት ምናለ?”

“ሌላ ትፈልጋ! አገሩ እንደሆነ ሰፊ ነው።” ከወንዙ ማዶ ወደሚታየው የቻይና ከተማ በአገጫቸው ጠቆሙ። “ከነሱ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረን። ማን ይደርስብናል?”

“እውነትዎን ነው። የኛ መሬት አሥራ ሰባት ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ የነሱ ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ግድም። ሰው ሲቆጠር ግን እኛ አንድ ስንሆን እነሱ ወደ አሥር ይጠጋሉ።”

“ይኸው! ለዚህ ነዋ የሚጣበቡት። እኛ እግራችንን ዘርግተን እንኖራለን።”

“እርስዎ እግርዎን ዘርግተው ከማን ጋር ያወራሉ?”

ሽማግሌው በቀዳዳው ላይ የረጋውን በረዶ ጠረጉ።

“መጣበብም የራሱ ችግር አለው፤ አልክድም” አለች ታይሲያ ለስለስ ብላ። “ግን አባባ፣ አሁንም የአጋፊያን ትልቅ ዳቦ ይጋግራሉ አሉ?”

“እጄ ሌላ ልክ አያውቅም።”

“ይጨርሱታል?”

“ግማሹ ይሻግታል።”

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መሬትም ቤትም እንደዚያው ነው።”

አባባ ፕሮኾር የመንጠቆውን ክር ጠቀለሉ። “ልጄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሽታዋ አለ። ሰው ከገባ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነው።”

“አጋፊያ ሕፃን ብርድ ላይ ቆሞ እያየች በሯን የምትዘጋ ሴት ነበረች?”

“እሷማ… እኔን አስወጥታ እነሱን ታስገባ ነበር” አሉ እየሳቁ። “በቃ፣ ነገ ትምጣ።” የሞተ ሰው ትዝታ በቁልፍ አይጠበቅም፤ ደግነቱን በመቀጠል እንጂ። ይህ ግን ለተናጋሪ ይቀላል፤ ላዘነ ሰው ከባድ ነው።

በማግስቱ ግላፊራ ልጆቿን አስከትላ በራቸው ላይ ቆመች። አባባ ቁልፉን አቀብለው ሊመለሱ አስበው ነበር። እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ ግን መልሰው ሰበሰቡት፤ በአገራቸው በደፍ ላይ ዕቃ መቀባበል ገድ የለውም።

“በደፍ ላይ አይሰጥም” አሉ በሩን በሰፊው ከፍተው። “ግቡ፣ ልጆቼ። ዳቦም አለ።”

ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ቀረ። የቀዘቀዘው ክፍል ምድጃ ነደደ፤ ሽማግሌውም የሚቆጡትና የሚያጫውቱት ሰው አገኙ። የዚያን ዕለት ዳቦ እንኳን ሊሻግት ለማታም አልተረፈም። በሚቀጥለው ቀን አባባ ፕሮኾር ማልደው ተነሥተው ሁለት ጋገሩ።