የተረፈችው ጠጠር

አያ ሙላት ከአምበር ገበያ ሲመለሱ በየኔዓለም ግቢ ባያልፉ ኖሮ ይህ ሁሉ ሙግት ባልተነሣ ነበር። የኔዓለም ደብረ ማርቆስ ሲማር ጣሊያን ገብቶ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋበት ወደ አገሩ የተመለሰ ወጣት ነው። ሽማግሌው ያዩት ግን ጉድ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች የገበጣ ጉድጓድ ከበዋል። የልጅ ልጃቸው ማሬ በየልጁ ስም አንድ አንድ ጠጠር እየጣለች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ትላለች። ድረስ የሚባለው የአራት ዓመቱ ወንድሟ እንኳ አልቀረም።

«በስመ አብ! ሰው ታስቆጥራለህ?» አሉ።

«ጨዋታ ነው፣ አያ ሙላት። ልጅ በእጁ የዳሰሰውን ቁጥር አይረሳውም።»

«የተቆጠረ አይበረክትም! እኔ በጎቼንም ቆጥሬ አላውቅ፤ ባይኔ ሳያቸው ይበቃኛል። ልጆችህ ስንት ናቸው ላለኝም መልሴ ‹እግዜር ያውቃል› ነው።»

«እጅዎ ላይ ያለው መቁጠሪያስ? አርባ አንዱን እግዚኦታ ቆጥረው ሲያደርሱ ጸሎቱ በረከት አጣ?»

አያ ሙላት መቁጠሪያቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። መልስ ያጣ ሽማግሌ ደግሞ ቁጣ አያጣም። «አፍህን ያዝ! ከእንግዲህ ልጆቼ እዚህ ግቢ ድርሽ አይሉም» አሉና የማሬን እጅ ያዙ።

ይህን ጊዜ የጣሊያን አይሮፕላን አጓራ። ሁሉም ወደ ገደሉ ዋሻ ሮጠ። ማሬ በየልጁ ስም የጣለቻቸውን ጠጠሮች አፍሳ በቀሚሷ ቋጥራ ነበር። ዋሻው ውስጥ አያ ሙላት ልጆቹን ባይናቸው ቃኙና «ተመስገን፣ ሁሉም አለ» አሉ።

ማሬ ግን ለያንዳንዱ ልጅ ጠጠር ታድል ጀመር። መጨረሻ ላይ መዳፏን ዘረጋች።

«አባባ፣ አንዲት ተረፈችኝ። የማን ናት?»

ዞር ዞር ብለው ፈለጉ። ድረስ የለም!

ሽማግሌው ከየኔዓለም ጋር ተመልሰው ሮጡ። ልጁን የግቢው ጎተራ ሥር ተሸጉጦ አገኙት። ይዘውት ዋሻው ደጅ ሲደርሱ ቦምብ ወደቀና ጎተራው ነደደ። አያ ሙላት ልጁን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አይናዲስ «የልጅ ልጆችዎ ደኅና ናቸው?» አሏቸው።

«ሰባቱም ደኅና ናቸው።»

«ውይ በሞትኩት! ቆጠሯቸው?»

«ማሬ ባቄላ ደርድራ አስቆጠረችኝ እንጂ! የሚጎድለውን የሚያውቅ የቆጠረ ነው፤ ለበግም፣ ለዘርም፣ ለልጅም። አንቺም ልጆችሽን ወደ የኔዓለም ስደጂ፤ ጠጠር እንደሆነ ሞልቷል።»

«በረከቱ ቢሸሽስ?»

«ኧረ ተይኝ! እኔ ሁሉም አለ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ያቺ ልጅ ባትቆጥር ኖሮ ዛሬ ስድስት ነበሩ።»