ዓይን ያውቃል፣ ሰሌዳ ታስታውሳለች

በከተማችን እኔ ያልነካሁት ሽቦ ካለ፣ ገና ከፋብሪካ ያልወጣ ሽቦ ነው። የተበላሸ ራዲዮ እጄ ሲገባ ሳልፈታው ይናገራል፤ ደንበኞቼ ምስክር ናቸው፣ ያልመሰከሩትም ጊዜ አጥተው ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እኔን የመሰለ ሰው አፉን ከፍቶ የቀረበት ነገር ምን ያህል ቢሆን ነው ብሎ አንባቢ እንዲመዝን ነው።

አንድ ቀን ከጥገና ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ እንቁላል እያስፈለፈሉ ጫጩት የሚሸጡት አዛውንት ጎረቤቴ ባልዲ አንጠልጥለው ሲያልፉ አገኘኋቸው። ሰፈሩ «አባ ጫጩት» ይላቸዋል። ባልዲው ውስጥ ያለው ግን ጫጩት ሳይሆን ሳይፈለፈል የቀረ እንቁላል ነበር።

«አባባ፣ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ነበር የምሰማው፤ የእርስዎ በባልዲ መሄድ ጀመረ እንዴ?» አልኳቸው።

«ሳቅ አንተ፣ ሳቅ! ሁለተኛ ዙር ከሰርኩ። ያቺ ምራቴ ናት። ማስፈልፈያውን ስትከፍት ስትዘጋ ሙቀቱን ጨረሰችው። ልጄ ከመንገድ ይመለስ ብቻ! ወይ እሷ ወይ እኔ ነው የምለው።»

ልጃቸው የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ የአባቱን ቃል መሬት አይጥልም። ለካ በአንድ ባልዲ እንቁላል ትዳር ሊፈርስ ነው። ባልዲውን ተቀብዬ ተከተልኳቸው።

ኤሌክትሮኒክስ የተማረችው ምራታቸው ከማስፈልፈያው ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ፣ የከፈትኩት እኔ መሆኔን በምን አወቁ?» አለች በትሕትና።

«እንቁላሉን የዓይኔ ቆብ ላይ ሳስጠጋው ቀዝቅዞ አገኘዋለኋ! ይህ ቆብ ሙቀት ሲለካ ኖሮ ተሳስቶ አያውቅም።»

«አሁንም አልተሳሳተም። ዓይንዎ የአሁኑን ያውቃል። የትናንት ቀትሩን ግን ያስታውሳል?»

«እና ማን ሊያስታውሰው ነው? አንቺ?»

«እኔም አላስታውስም። ይቺ ግን ታስታውሳለች።»

ከማስፈልፈያው ጎን የተለጠፈች፣ የክብሪት ሣጥን የምታህል ሰሌዳ አሳየችን። ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ኢምንት ኮምፒውተር ነበረች፤ ሙከራ የሚወዱ ልጆች የሚጫወቱባት ርካሽ ዓይነት። ከእሷ የወጣ ሽቦ ጫፉ ላይ ሴንሰር አለው፤ እንቁላሎቹ መሐል ተኝቶ በየአሥር ደቂቃው ሙቀት ይለካል።

«ማሽኑን ዛሬ ጠዋት ነቅዬዋለሁ እኮ» አሉ አባ ጫጩት። «መብራት የተነቀለበት ነገር ሬሳ ነው። ሬሳ ደግሞ ምስክር አይቆጠርም።»

«ይቺ ሬሳ ትመሰክራለች፣ አባባ። ሲነቀል የሚረሳ ሜሞሪ አለ፣ ሲነቀልም የማይረሳ አለ። እኔ ያስቀመጥኩት በማይረሳው ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ሜሞሪ አጠቃላይ ጠባይ አንድ ታላቅ ንግግር ከፈትኩ፤ ዓለም ትጠቀምበት ነበር፣ የሰማኝ ግን የለም። አዛውንቱ ሰሌዳዋን ነቅለው በመሐረብ ጠቀለሉ።

«ለአንቺም ለዚህ ወሬኛም አልሰጣትም። ዛሬ ትራሴ ሥር ታድራለች። የማይረሳ ከሆነች ነገ ትናገር!»

በማግስቱ ሱቄ ከች አሉ፤ ምራታቸውም ከኋላ። «ሌሊቱን ትንፍሽ አላለችም» አሉ መሐረቡን እየፈቱ። ሰሌዳዋን ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘናት፤ መርከብ ንዳ ቢሉት የሚነዳ ኮምፒውተር ነው።

«ውስጧ ከሺህ በላይ ጠባብ ጎጆዎች አሉ» አለች ምራቲቱ። «እያንዳንዱ ጎጆ የራሱ አድራሻ አለው፣ አንድ ንባብ ያሳድራል። ሁሉም ሲሞሉ ከመጀመሪያው ጎጆ አሮጌውን እንግዳ አስወጥታ አዲሱን ታስገባለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ያለፈውን ሳምንት ይዛ ትገኛለች።»

«ለምን በየሰከንዱ አትጽፍም?» አልኩ፤ አውቃለሁ፣ ለእሳቸው ስል ነው የጠየቅኩት።

«በቶሎ ይሞላላ! ደግሞ ጎጆው መጻፍ ሲበዛበት ያረጃል። ተጽፎ የሚፋቅ ወረቀት መጨረሻው መቀደድ አይደል?»

ቁጥሮቹ በስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመሩ፤ ሰባ አምስት፣ ሰባ አምስት፣ ሰባ አምስት…

«ሰባ አምስት!» አባ ጫጩት ከወንበራቸው ተነሡ። «ቀቅለሻቸዋል! ሾርባ ነው ስናስፈለፍል የከረምነው!»

ምስኪኗ በሐዘኗ መሐል ሳቀች። «አይደለም አባባ! ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው። ጎጆው ተኩል የሚባል እንግዳ አይቀበልም፤ ስለዚህ እጥፍ አድርጌ አስገባዋለሁ፣ ሳወጣው ለሁለት እከፍለዋለሁ።»

«እንግዳውን ከነጥላው አስገብተሽ ነዋ!» አሉና ተቀመጡ።

ቀጥሎ ስድሳ ስድስት መጣ። ከዚያ ስድሳ ስምንት፣ ሰባ አንድ፣ እንደገና ሰባ አምስት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ስድሳ አምስት።

«ይኼ ቁልቁለትስ?»

«በሩ ተከፍቶ የቆየበት ነው።»

«አላልኩም? አላልኩም!» ጭናቸውን መቱ።

ልጅቷ ከመጨረሻው ንባብ ወደ ኋላ እየቆጠረች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «አባባ፣ ይህ ረቡዕ ነው። እኔ የታመመ ወንድሜን ልጠይቅ ማክሰኞ ሄጄ ሐሙስ ነው የተመለስኩት። ረቡዕ ዕለት የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ቁልፉ እዚያው ተንጠልጥሏል።

እናቴ እንደምትለው ሳልወለድም አወራ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጨርቅ አንስቼ ኮምፒውተሬን መወልወል ያዝኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ አባ ጫጩት። «አንድ በአንድ እያወጣሁ ዓይኔ ላይ ሳስጠጋቸው ነው። ቀዝቅዘው ሳገኛቸው እደነግጥና ቶሎ ተመልሼ እከፍታለሁ።» ሰሌዳዋን በጣታቸው ጫፍ ነኩ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ። «ትራሴ ሥር ሆና… ያለ መብራት፣ ያለ ትንፋሽ… እኔ አንቺን ስወነጅል ይህን ሁሉ ይዛ ነበር?»

«ይዛ ነበር። ግን የከፈተው ፍቅርዎ ነው፣ አባባ፤ ክፋት አይደለም።»

«ፍቅርስ ቢሆን እያየ ይውደድ እንጂ!» አሉና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በእጇ አኖሩት። «ልጄ ሲመጣ የምነግረው ሌላ ነገር አለኝ። ቤቴን ያቆመችልኝ ሚስትህ ናት እለዋለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ ዓይን ይነቀል አላልኩም። ዓይን የያዘውን ያውቃል፤ ያለፈውን ግን እንደ ልቡ ያስታውሰዋል፣ ልብም ለባለቤቱ ያዳላል። በየጊዜው የተለካና በቦታው የተቀመጠ ንባብ አያዳላም። እንቁላል ያተርፋል፤ ጉድለትንም ሳይቃጠል በቅጠል ያስይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ሰውን በሐሰት ከመፍረድ ያድናል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠሩኝ። አባ ጫጩት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በሩን ሳይነኩ፣ የዓይናቸውን ቆብ በማስፈልፈያው መስታወት ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ከውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ጭው… ጭው።

«ልጄ» አሉ አጠገባቸው የቆመችውን ምራታቸውን በሹክሹክታ፣ «ይህንንም ታስታውሳለች?»

«የለም አባባ፤ እሷ የምትይዘው ሙቀቱን ብቻ ነው።»

«ግድ የለም» አሉ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ። «ይኼን እኔ አስታውሰዋለሁ።»