የጨንቻ ሙቀት
እናንተው ፍረዱኝ። እንሰት ወደፊት የት የት እንደሚበቅል ላጠና ጨንቻ ወጣሁ፤ ያውም በቲሸርት! ከኢንተርኔት ያወረድኩት የአየር ንብረት ሞዴል አካባቢው ሞቃት ነው ብሎኛላ። ለካስ ብርዳሙን የጨንቻ ተራራና ታች ሐይቁ ዳር ያለውን የሙዝ አገር ምዕራብ ዓባያን ካርታው ላይ አንድ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ለሁለቱም አንድ ሙቀት ነው የሰጣቸው። እንሰታቸውን ልለካ የሄድኩባቸው አባት ይህን ብነግራቸው ቡልኳቸውን አውልቀው አከናነቡኝና፣ «ልጄ፣ የምዕራብ ዓባያን ሙቀት ከሰጠን ሙዙንም ይስጠና!» አሉኝ።

በንዴት ለአማካሪዬ ደውዬ ዳታው ስህተት ነው፣ ላርመው አልኳቸው። «ዓለም የሚጠቀምበት ዳታ ነው፤ አንተ ማን ነህና ታርመዋለህ?» ብለው ተቆጡኝ። «ደግሞስ ድምፅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ «ሙቀቱን አልቻልኩትማ፣ ዶክተር!» አልኳቸው።